ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት፦ የአቶ ሰይፈ ንጉሤ የሕይወት ታሪክ

ለተከበራችሁ ቀባሪዎች፣ ወዳጅ ዘመዶችና ጎረቤቶች፦ ከሁሉ አስቀድመን በታላቅ አክብሮት የምናሳውቃችሁ፣ አቶ ሰይፈ ንጉሤ ለሁለት ዓመት ከአራት ወር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሀርጌሳ ከተማ ውስጥ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያወሩ እንደነበር ነው።

የኀዘን አስተባባሪ ኮሚቴው ይህ ዐረፍተ ነገር እንዲወጣ፣ ካልሆነም "የደም ግፊታቸውን ይከታተሉ ነበር" በሚል እንዲተካ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ልዕልት ግን ይግባ ስላሉ ገብቷል። የደም ግፊታቸው ጤነኛ ነበር።

አቶ ሰይፈ ከአባታቸው ከአቶ ንጉሤ ወልደ ሐና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪዳናዊት ጥር 14 ቀን 1966 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ገንደ ቆሬ ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው በምድር ባቡር ወርክሾፕ አናጢ፣ እናታቸው የቤት እመቤት ነበሩ። ከሰባት ልጆች አራተኛው ስለነበሩ፣ ትልቅ ነህ ተብለው አልታዘዙም፣ ትንሽ ነህ ተብለውም ምሕረት አላገኙም። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ሰፈራቸው በሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። የመልቀቂያ ፈተናም ወስደዋል። ውጤቱን ቤተሰቡ ፈልጎ አላገኘውም፤ እሳቸውም አብረው አልፈለጉም።

በ1986 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አውጥተው በትንንሽ መኪኖች ሥራ ጀመሩ። ደረጃ በደረጃ አድገውም ባለ ተሳቢ ከባድ መኪና ለመያዝ በቁ። መጀመሪያ በጅቡቲ መስመር፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በበርበራ መስመር ሠርተዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ፍየል እንኳ ገጭተው እንደማያውቁ በመስመሩ ያሉ ሾፌሮች ይመሰክራሉ፤ አንዳንዶቹም ይህን ሲመሰክሩ የራሳቸውን ፍየሎች ቁጥር አብረው ይናገራሉ። አቶ ሰይፈ በሥራ ላይ ጫት አይቅሙም ነበር። ሰው ትርፍ አይጭኑም ነበር። ለዚህም ባልደረቦቻቸው "ቄሱ" ይሏቸው ነበር፤ ለማክበር አልነበረም።

በ1994 ዓ.ም. ከወይዘሮ ልዕልት ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው በ1996 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ፣ ወይዘሪት መቅደላዊትን፣ ወልደዋል። በ1999 ዓ.ም. ቤተሰባቸውን ወደ ሀርጌሳ አምጥተው መሐመድ ሞጌ ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። አቶ ሰይፈ ሥራ በሌላቸው ቀን ግድግዳ ቀለም መቀባት ይወዱ ነበር። የአከራዩ ቤት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ተቀብቷል።

ግንቦት 19 ቀን 2008 ዓ.ም. አቶ ሰይፈ በርበራ ወደብ ላይ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ወረፋ ጠብቀው፣ ስንዴ ጭነው ወደ ሀርጌሳ ይመለሱ ነበር። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ከተማው ለመድረስ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር፣ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ የግመል ወተት ይዘው የከተማ መኪና የሚጠብቁ ሴቶች ወደቆሙበት ገባ። ሌሎቹ አመለጡ። ሂቦ የተባለች የሃያ ስድስት ዓመት የሦስት ልጆች እናት ግን ሞተች።

ኮሚቴው በዚህ ቦታ ላይ "በፍሬን ብልሽት ምክንያት" ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቋል። በፍሬን ብልሽት ምክንያት። መንገዱ እዚያ ቦታ ላይ ዳገት ነው፤ መኪናውም ስንዴውን ይዞ ሽቅብ ይወጣ ነበር።

የአገሩ ሕግ እንደሚታወቀው ነው። ሰው ሲሞት የሟች ወገንና የገዳይ ወገን ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። አቶ ሰይፈ በዚያ አገር ወገን ስላልነበራቸው የባለ መኪናው ዘመዶች ወገን ሆኑላቸው፤ ከኢትዮጵያውያን ማኅበር ደግሞ በአየር መንገድ ቢሮ የሚሠሩት ሊቀመንበሩ አቶ ተሻለ ተገኙ። ሾፌሩ እያወቀ ያጠፋው ነገር ካለ ጉዳዩ በእርቅ አያልቅም ነበር። ሆኖም መኪናው ከሆነ የአላህ ሥራ ነው። ስለዚህ መኪናውን የሚያውቀው መካኒክ ሃሩን ተጠራ። ሃሩን የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ መዋሸትም አይወድም። "ፍሬን የሰው ሥራ ነው፤ የሰው ሥራ ደግሞ ወላሂ ይበላሻል" አለ። ይህ ቃል እውነት ነው። ሽማግሌዎቹም እንደ እውነት ተቀበሉት። ከሽማግሌዎቹ መኪና የሚነዳ ማንም አልነበረም፤ መኪና የሚነዱት ሁሉ ከዛፉ ራቅ ብለው ቆመው ዝም አሉ። አቶ ሰይፈ ከእስር ቤት በአጃቢ መጥተው ዳር ተቀምጠው ነበርና "እኔ..." ብለው ሲጀምሩ አቶ ተሻለ እግራቸውን ረገጧቸው። ካሳው በባለ መኪናው ወገን ተከፈለ፤ የሂቦ ባል አቶ ጂብሪልም ነገሩን ዳግመኛ ላያነሣ ቁርኣን ይዞ ምሎ ተቀበለ። አቶ ሰይፈ በአርባ አንደኛው ቀን ከእስር ተፈቱ።

ከዚያ በኋላ መሪ አልያዙም። ዋሄን ገበያ ውስጥ አንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ተቀጠሩ። ከቁልፍ እስከ ራዲያተር ሁሉን ይሸጡ ነበር፤ የፍሬን ሸራ የሚጠይቅ ሲመጣ ግን የሥራ ባልደረባቸውን ጠርተው እሳቸው ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር። ወተት የሚሸጡት ሴቶች ያሉበትን የገበያውን ጫፍ ላለማለፍ ከቤታቸው ወደ ሱቁ ሃያ አምስት ደቂቃ ዙረው ይሄዱ ነበር። እህል ቀነሱ። እንቅልፍ ከመጣባቸው ተነሥተው ይቆማሉ፤ ቆመው ሲያንጎላጁ ደግሞ ራሳቸውን በጥፊ ይመታሉ። ወይዘሮ ልዕልት ይህን ለጎረቤት "ትንኝ ነው" ይሉ ነበር።

በሀርጌሳ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በኀዘን ጊዜ ሰው አንተውም። ማኅበሩ ተሰብስቦ ተራ አወጣ። በየሁለት ቀኑ አንድ ሰው እየሄደ አቶ ሰይፈን ያጽናና ነበር። የማጽናኛው ቃል ተመካክረን የወሰንነው ነው፤ ሰዉ እንዳይለያይ። ቃሉም "ፍሬኑ ነው" የሚል ነበር። በዓመት በዓልም፣ በክርስትናም፣ በሰርግም ላይ ይባል ነበር። አቶ ሰይፈ ጉሮሯቸውን በጠረጉ ቁጥር የተቀመጠው ሁሉ በአንድ ድምፅ "ፍሬኑ ነው፣ ሰይፍዬ፣ ፍሬኑ ነው!" ይላል። ብዙ ጊዜ ጉሮሯቸውን የጠረጉት ውኃ ስጡኝ ለማለት ነበር። በዚህ ሁኔታ ከአራት ዓመት በላይ ተጽናኑ።

በ2013 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ የእርዳታ ድርጅት በባሕር ሊሻገሩ ሄደው ለተመለሱ ስደተኞች መሐመድ ሞጌ ውስጥ የምክር አገልግሎት ከፈተ። አማካሪዋ ወይዘሪት ፈትያ ይባላሉ፤ የሐረር ልጅ ናቸው፤ ሙያውን ተምረውታል። አቶ ሰይፈ በባሕር አልሄዱም። በቅጹ ላይ ግን "ስደተኛ"፣ "ተመላሽ" እና "ሌላ" የሚሉ ሳጥኖች ስለነበሩ "ሌላ" ሆነው ተመዘገቡ። ወይዘሮ ልዕልት ደም ግፊት ይለኩልሃል ብለው ነው የወሰዷቸው። አቶ ሰይፈም እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። ፈትያ ክንዱን አይተው፣ "ጋሽ ሰይፈ፣ እኔ መለኪያ የለኝም። ወንበር ነው ያለኝ" አሏቸው።

ስለዚህ ክፍል ወይዘሪት ፈትያን ጠይቀናቸው ነበር። የሰው ነገር አልናገርም ብለው ስልኩን በትሕትና ዘጉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አቶ ሰይፈ ራሳቸው ለባለቤታቸው የነገሩት ነው።

የመጀመሪያዎቹን አራት ማክሰኞዎች አቶ ሰይፈ የፍሬኑን ታሪክ ተናገሩ። ከመስማት ብዛት በጣም አሳምረው ይናገሩት ነበር። ፈትያ አልተቃወሙም፤ "ፍሬኑ ነው" ብለው አላገዙም። በአምስተኛው ማክሰኞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

"ጋሽ ሰይፈ፣ ፍሬኑን የረገጡት የት ቦታ ላይ ሲደርሱ ነው?"

አቶ ሰይፈ ቀኝ እግራቸውን አዩና፣ "አልረገጥኩትም። የሚረግጥ ሰው እኮ የነቃ ነው። እኔ ተኝቼ ነበር" አሉ።

ፈትያ አልደነገጡም። አይዞዎት አላሉም። ነፍሰ ገዳይም አላሏቸው። "እሺ። ከዚያስ?" አሉ። አቶ ሰይፈ ከአራት ዓመት በኋላ ከሰው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው ብለው ለባለቤታቸው ነግረዋል። ያን ቀን ቤት ገብተው ምሳቸውን በዐሥር ሰዓት በሉ። ከዚያም አልጋ ላይ ተኙ፤ ማንም በጥፊ አልመታቸውም።

ሙያውን ለማናውቀው ለእኛ ምክር ማለት መስበክ ይመስለን ነበር፤ አድርግ፣ አታድርግ ማለት። አቶ ሰይፈ ለባለቤታቸው እንደነገሩት ከሆነ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሰበክ ነገር አልነበረም። ያን ጠዋት ከወደቡ ጀምረው ቀስ ብለው እየደጋገሙ ይናገራሉ፤ ልባቸው ሲመታ ያቆማሉ። እግራቸውን መሬት ላይ አሳርፈው፣ በአፍንጫ አስገብተው በአፍ እያስወጡ ይተነፍሳሉ። መጀመሪያ ላይ፣ "በሃምሳ ዓመቴ ዋዜማ መተንፈስ ልማር!" ብለው ሥቀው ነበር። የሚያዩትን አምስት ነገር እንዲቆጥሩም ታዘዙ። ክፍሉ ባዶ ነበርና፣ "ሁለት ወንበር፣ አንድ መጋረጃ፣ አንድ ሶፍት፣ አንድ ፈትያ" ብለው ጨረሱ። ይበቃል ተባሉ።

ከዚያም ልምምዱ ወደ ገበያው ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት የወተት ሴቶችን ከሱቁ በር ላይ ሆነው በሩቁ አዩ። በሦስተኛው እስከ ስልክ እንጨቱ ደረሱ። በስድስተኛው ሳምንት አንዲት ሴትዮ "ምን ትፈልጋለህ?" ስትላቸው ሮጠው ተመለሱ፤ ፈትያ ይህን እንደ ሽንፈት አልቆጠሩትም፤ ሴትዮዋ ግን ሌባ መስሏት ጮኻ ነበር። በዐሥራ አንደኛው ሳምንት አንድ ኩባያ ወተት ገዝተው እዚያው ቆመው ጠጡ። የሃያ አምስት ደቂቃው ዙሪያ መንገድ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀረ። ሸሚዛቸው ጠበባቸው። ወደ ድሬዳዋ ተመልሳ ለምትማረው ልጃቸው ለመቅደላዊት ደውለው፣ እንደ ድሮው ስለ ምንም ነገር ያልሆነ ነገር አርባ ደቂቃ አወሩ።

ፈትያ ከአቶ ሰይፈ ጋር አንድ ዐረፍተ ነገር ይሠሩ ነበር። "ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ግን ያ ብቻ አይደለሁም" የሚል ነው። የመጀመሪያው ግማሽ በአንድ ቀን ወጣ። ሁለተኛው ግማሽ አንድ ዓመት ፈጀ። አንዳንድ ማክሰኞ "እኔ ግን" ላይ ደርሰው ሰዓቱ ያልቅ ነበር።

አቶ ሰይፈ ከዚህ በኋላ የቀራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ግማሽ ከዚያ ክፍል ውጭ፣ ለሌላ ሰው ተናግረው፣ ያ ሰው "አዎ፣ አንተ ነህ" እንዲላቸው ይፈልጉ ነበር። አንድ ሰው ይበቃኛል ይሉ ነበር። ይህን ለማግኘት የሞከሩበት መንገድ በማኅበሩ ዘንድ ብዙ ችግር አስከትሏል። የጥምቀት ዕለት ሰው በተሰበሰበበት ተነሥተው "ፍሬኑ ደህና ነበር፤ ተኝቼ ነበር" ሲሉ ሰዉ ሁሉ "ፍሬኑ ነው፣ ሰይፍዬ!" ብሎ ዝማሬ አስጀመረ። ለሃሩን በሱቅ በር ላይ ሲነግሩት፣ "ጋሼ፣ እኔ የተጠየቅኩትን ነው የመለስኩት፤ አሁን ደንበኛ አለብኝ" ብሎ መኪና ሥር ገባ። መኪናው ሥር ቁልፍ አልያዘም ነበር። በማኅበሩ ዘንድ "ሰይፈ ምክር ጀምሮ ባሰበት" ተባለ።

በ2014 ዓ.ም. ማኅበሩ ሦስት ሰዎች መርጦ ወደ ወይዘሪት ፈትያ ላከ። አቶ ተሻለ የሁሉን ቃል ወክለው ተናገሩ።

"እኅቴ፣ ሰውየው ደህና ነበር። ሲታመምም ዝም ብሎ ነበር የሚታመመው። አሁን ካንቺ ዘንድ በተመለሰ ቁጥር ሰው ፊት ያወራል። የአገሩ ሰው ቢሰማ ያለቀ ነገር ነው የሚቀሰቀሰው። አንቺ የተማርሽ ነሽ። አንድ ቀን ብቻ፣ በተማረ አፍ፣ ፍሬኑ ነው በይው። ያምንሻል።"

"ጋሽ ተሻለ፣ ፍሬኑን አይቼው አላውቅም እኮ" አሉ ፈትያ።

"እኛስ መች አየነው!" አሉ አቶ ተሻለ።

ፈትያ ልዑካኑን ሻይ ጋብዘው ሸኙ። ከሦስቱ አንዱ በሩ ላይ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ለአንድ ዘመዱ የሚሆን ባዶ ቀን በሳምንቱ ውስጥ እንዳለ በጆሮ ጠየቀ። ዘመዱ እስካሁን በስም አልታወቀም፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን ልዑኩ ራሱ ሱቁን በስምንት ሰዓት ተኩል መዝጋት ጀመረ።

ጥር 2015 ዓ.ም. አቶ ሰይፈ የሟች ባል ወደሆነው ወደ አቶ ጂብሪል ሄዱ። ለዚህ ጉዞ ሰባት ማክሰኞ ተዘጋጅተዋል። ፈትያ፣ "ጋሽ ሰይፈ፣ ይቅርታ ለመቀበል ብለው አይሂዱ። አደጋም አለው፤ ሄደው ሄደው ቢተዉትም አላዝንብዎትም" ብለዋቸዋል። አቶ ሰይፈ ግን ሚኒባስ ተሳፍረው፣ አደጋው በደረሰበት ቦታ በኩል ዐይናቸውን ሳይጨፍኑ አልፈው፣ ቀትር ላይ ደረሱ። አቶ ጂብሪል የውኃ ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። እጁን ታጥቦ መጣና ተቀመጡ። አቶ ሰይፈ ሱማልኛ ስለሚያውቁ አስተርጓሚ አላስፈለገም።

"ፍሬኑ ደህና ነበር። ተኝቼ ነበር" አሉ።

"ሽማግሌዎቹ ፍሬኑ ነው ብለዋል" አለ አቶ ጂብሪል።

"አውቃለሁ። እኔ ግን ተኝቼ ነበር።"

"አልሰማሁም፣ ወንድሜ።"

አቶ ሰይፈ ሦስተኛ ጊዜ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰውየው እጁን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈ። "ብሰማ ምን ላደርግህ ነው? የሰማ ወንድ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወንድሞቿም ዝም አይሉኝም። ሦስት ልጆች አሉኝ፤ እኔ ከታሰርኩ ማን ያሳድጋቸዋል? አልሰማሁም" አለ። ከዚያም ወተት አስመጣላቸው። ስለ ዝናቡ አወሩ። ዝናቡ በዚያ ዓመት ቀርቶ ነበር። ሲመሻሽ መኪና ድረስ ሸኛቸው፤ ዳግመኛም እንዳይመጡ በትሕትና ለመናቸው።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ ጊዜው አልቆ ተዘጋ። በመዝጊያው ዕለት ጭማቂና ብስኩት ቀርቦ፣ ከተጠቃሚዎች ሰባ ሁለት በመቶው መሻሻል እንዳሳዩ ተነበበ። አቶ ሰይፈ ከሰባ ሁለቱ ውስጥ ነበሩ። ወይዘሪት ፈትያ ወደ ሌላ አገር ተመደቡ። ከመሄዳቸው በፊት ስልካቸውን ሰጥተዋቸው ነበር፤ አቶ ሰይፈ ግን የሰው ፊት ካላየሁ ያው ለራሴ እንደማውራት ነው ብለው ሁለት ጊዜ ብቻ ደወሉ። ክፍሉን የተከራየው ሱቅ የስልክ ካርድ ይሸጥበታል። አቶ ሰይፈ ለጥቂት ማክሰኞዎች በዘጠኝ ሰዓት እየሄዱ ካርድ ይገዙ ነበር። ለማንም ግን አልደወሉበትም።

ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልሆኑም፤ እንደ ጤነኛም አልሆኑም። በገበያው መካከል ያልፋሉ፤ ወተት ይጠጣሉ፤ ሌሊቱን ይተኛሉ። እንደ እሳቸው አደጋ ደርሶበት የመጣ አንድ ሾፌር ዘንድ ሄደው፣ ምንም ሳይመክሩት፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" እያሉ ሙሉ ቀን እንደዋሉ ወይዘሮ ልዕልት ያስታውሳሉ። ሾፌሩ አልቅሶ አልቅሶ በሳምንቱ ወደ አገሩ ገባ፤ ምን እንደሆነ አልታወቀም። ስለራሳቸው ግን መናገሩን ተዉት። በማኅበሩ ዘንድም "ሰይፈ ድኗል" ተባለ፤ የማጽናናቱ ተራም በዚያው ቆመ።

በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው መሥራት እንዳቆሙ ታወቀ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ደማቸውን በማሽን እያሳጠቡ ለዘጠኝ ወር ታገሉ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ጠያቂው ብዙ ነበር። ለእያንዳንዱ ጠያቂ ያንኑ ቃል ይናገሩ ነበር፤ ድምፃቸው ስለደከመ ጆሮን ወደ አፋቸው ማስጠጋት ያስፈልግ ነበር። ጠያቂውም ጆሮውን አስጠግቶ እስከ መጨረሻው ይሰማና "ፍሬኑ ነው፣ አይዞህ" ይላል። በሐሙሱ ልዑክ ላይ ተስፋ ነበራቸው። እሱም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ብዙ ከቆየ በኋላ፣ በሩ መዘጋቱን አይቶ፣ "ፍሬኑ ነው" አለ።

በመጨረሻ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። "ልዕልት፣ አንቺ እንኳ። አንድ ጊዜ" አሉ።

ወይዘሮ ልዕልት "መጀመሪያ ሾርባውን ጠጣ" አሏቸው። ሾርባውን ጠጡ። ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም. ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ወይዘሮ ልዕልት ሊሉት የነበረውን ዛሬም ለማንም አልተናገሩም። የማክሰኞውን ዐረፍተ ነገር ግን በዚህ ጽሑፍ ራስ ላይ ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው።

አቶ ሰይፈ ተኝቼ ነበር ማለታቸው በዚህ የሕይወት ታሪክ ውስጥ እንዳይጠቀስ ኮሚቴው አደራ ብሏል። አደራው በሚቻለው ሁሉ ተጠብቋል።

አቶ ሰይፈ ንጉሤ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ሲሆኑ፣ ሦስት ወንድሞችና ሁለት እኅቶች ቀርተዋቸዋል። በሥራቸው ጠንቃቃ፣ በነገር ቁጥብ፣ ቀለም መቀባት የሚወዱ ሰው ነበሩ። እግዚአብሔር የሚናገሩትን የሚሰማ አንድ ሰው ባለበት ቦታ ያሳርፍልን። ለባለቤታቸውና ለልጃቸው ብርታቱን ይስጥልን። ለወይዘሮ ሂቦም ነፍስ እንዲሁ።

ምስጋና። ቤተሰቡ በኀዘናችን ጊዜ ከጎናችን ለቆሙት ሁሉ ከልብ ያመሰግናል። የሀርጌሳ አምቡላንስ ድንበር ስለማይሻገር አስከሬኑን እዚህ ድሬዳዋ ድረስ ለማምጣት የኢትዮጵያ ታርጋ ያለው መኪና አስፈልጎ ነበር። ባለ መኪናው፣ አቶ ሰይፈ በሕይወታቸው መጨረሻ የነዱትን ያንኑ መኪና በነፃ ሰጥተዋል። ተሳቢው ተፈትቶ፣ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ቤታቸው በር ላይ ሲቆም ባለ መኪናው ጎማውን በእግራቸው መታ መታ አድርገው፣ "ሞተሩ ሁለቴ ወርዷል፤ ካቢናው ተቀይሯል። ፍሬኑ ግን ያኔም አሁንም ያው ነው፤ ከሸራው በቀር እጅ አልነካውም" አሉ። "ሸራውንም እኔ ነኝ የቀየርኩት" አለ ሃሩን። ሰዉ ሁሉ ሰማ። "የድሮ ዕቃ እኮ!" ያለም ነበር። ከዚያም ሃያ ሦስት ሰዎች፣ የኮሚቴው አባላት በሙሉ ሳይቀሩ፣ አንድ በአንድ ተሳፈሩ።

ደንገጎ ስንደርስ ሾፌሩ ከቁልቁለቱ አናት ላይ አቆመ። ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው መንገድ ጥምዝምዝና ገደል መሆኑን ታውቃላችሁ። "ቁልቁለት የሚፈራ ካለ ይውረድ፤ ባዶ ሚኒባስ ከኋላችን አለ" አለ። አቶ ተሻለ ወረዱ። ከመንገድ ዳር ብርቱካን ገዝተው ተመልሰው ወጡ። ሌላ የወረደ አልነበረም። ወይዘሮ ልዕልት ከሾፌሩ ጎን ነበሩ፤ በካቢናው የኋላ መስኮት ዞር ብለው ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ድረስ ሰዉን ሲያዩ ነበር። ከሃያ ሦስቱ ዐሥራ ዘጠኙ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አቶ ተሻለ ብርቱካኑን እንደታቀፉ ያንኮራፉ ነበር።